ጣታቸው ተጣብቆ የሚወለዱ ሕፃናትና የመመለሻው ጉዞ

(ቀጥሎ የሚነበበው በሳሊተ ምሕረት አካባቢ በተደረገ የደጋፊዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር ነው። አንባቢም በቤቱ አንድ ቁራጭ ክር ቢያዘጋጅ መልካም ነው።)



 እንደ ሌላው ጊዜ ፎቶግራፍ ይዤ አልመጣሁም፤ ለምን እንዳልያዝሁ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። በየወንበሩ ላይ ግን አንዳንድ ቁራጭ ክር ተቀምጧል። እባካችሁ አንሡት።

የመሃል ጣታችሁንና የቀለበት ጣታችሁን አጋጥሙ። ክሩን በሁለቱም ላይ ባንድነት አንድ ዙር አዙሩትና የገጠመበት ቦታ ላይ ቁረጡት። አሁን ጣቶቻችሁን ለዩ። ያንኑ የተቆረጠ ክር መጀመሪያ በመሃል ጣታችሁ ላይ አዙሩ፤ በቀረው ደግሞ የቀለበት ጣታችሁን አዙሩ። አልደረሰም አይደለም? ከኋላ የተቀመጡት አባት «የኔስ ደርሷል» ይላሉ፤ እርሳቸው ክሩን ሳይቆርጡት ቀርተው ይሆናል። ለሁለት የተለያዩ ጣቶች የሚያስፈልገው ክር ለተጋጠሙት ከሚያስፈልገው በመቶ 20 ያህል ይበልጣል።

እንግዲህ በክሩ ፈንታ ቆዳን አስቡ። አንድ ሕፃን ሁለት ጣቶቹ ተጣብቀው ሲወለድ በላያቸው ያለው ቆዳ ለተጋጠሙት ይበቃል እንጂ ለተለያዩት አይበቃም። «ምን ችግር አለው፣ መካከሉን በምላጭ ሰንጠቅ ማድረግ ነው» የሚል ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። ነገር ግን ቆዳ ያልሸፈነው የጣት ጎን ግልጥ ቁስል ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ ቁስሎች ፊት ለፊት ሆነው ሲድኑ መልሰው ሊጣበቁ ይችላሉ፤ ባይጣበቁም ጠባሳው እንደ ደረቀ ጠፍር ጣቱን ወደ መዳፍ ይጎትተዋል። የጣቱ ደም ሥርና ነርቭ የሚያልፉትም በዚያው በጎኑ ስለ ሆነ ምላጩ ጣቱን ራሱን ሊያሳጣ ይችላል። የሐኪሙ ሥራ የልብስ ሰፊ ሥራን ይመስላል፤ ያውም ጨርቅ ያጠረበት ልብስ ሰፊ።

ይህ ነገር ብዙዎች እንደሚያስቡት ብርቅ አይደለም። በዓለም ላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ከሚወለዱ ሕፃናት መካከል አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። በአገራችን በዓመት ወደ 4 ሚሊዮን ሕፃናት ስለሚወለዱ፣ መጠኑ እኛም ዘንድ ተመሳሳይ ከሆነ በየዓመቱ ከሺህ የሚበልጡ ልጆች ጣታቸው ተጣብቆ ይወለዳሉ ማለት ነው። በወንዶች ላይ ከሴቶች ይልቅ ይበዛል። ከግማሽ ያህሉ ላይ በሁለቱም እጅ ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚጣበቁት የመሃልና የቀለበት ጣቶች ናቸው፤ አሁን ክር ያዞራችሁባቸው ማለት ነው። ታዲያ የት ናቸው? ስንቶቻችን አይተናል? እኔ በዚህ ሥራ ከመሰማራቴ በፊት አንድም አላየሁም ነበር። አሁን ግን በየገጠሩ ስዞር አንዲት እናት የልጇን አንድ እጅ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ስትይዝ ሳይ ልቤ ይጠረጥራል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለሁ በምኵራብ እጁ ሰልሎ ስለ ነበረው ሰው ስብከት እንዳዘጋጅ ታዝዤ ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ስለ ምኵራቡ፣ ስለ ሰንበቱ፣ ስለ ፈሪሳውያኑ ብዙ ጽፌ ነበር። ስለ እጁ ግን አንድ መሥመር እንኳ አልጻፍሁም። በዚያ እጅ እንዴት ይበላ እንደ ነበር፣ መታጠቂያውን እንዴት ያስር እንደ ነበር አልጠየቅሁም።

ወደ ታሪኩ ልግባ። በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አንዲት እናት የአራት ዓመት ወንድ ልጇን አዝላ ከመንዝ በአውቶቡስ መጥታ ላምበረት መናኸሪያ ወረደች። ወንድሟ እዚሁ ሳሊተ ምሕረት በሚሠራ ሕንፃ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ማደሪያውም በግቢው ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች ክፍል ነበረች። ወደ እኛ ቢሮ ያመጣት እርሱ ነው። ልጁ በቀኝ እጁ የመሃል፣ የቀለበትና የትንሿ ጣቶቹ ሦስቱም እስከ ጫፋቸው ድረስ በቆዳ ተያይዘዋል። አውራ ጣቱና አመልካች ጣቱ ደኅና ናቸው። ሲስቅ ጥርሱ ያማረ፣ ለሰው ቶሎ የሚቀርብ ልጅ ነው፤ ቀኝ እጁን ግን ሳያስበው ወደ ጀርባው ይሸሽገዋል። አራት ዓመት ሙሉ ሲሸፈን የኖረ እጅ ስለሆነ ይህን ልማድ ከእናቱ ነው የተማረው።

እናትየውን «እኅቴ፣ ልጅሽ በምን እጁ ነው የሚበላው?» ብዬ ጠየቅኋት። አንገቷን ደፋች። «በግራው ነው ወንድሜ። በማዕድ ላይ ግራ እጅ ስለሚያስነውር ብቻውን በሳህን እሰጠዋለሁ» አለችኝ። እንግዲህ ከወንድሞቹ ጋር በአንድ መሶብ በልቶ አያውቅም ማለት ነው። ጎርሶ ያውቃል፤ አጉርሶ ግን አያውቅም።

ከዚያም የደረሰባትን አጫወተችኝ። ጠበል ወስዳዋለች። የባሏ እናት «በእርግዝናሽ ጊዜ ምን አይተሽ ነበር?» እያሉ ሲጠይቋት ኖረዋል። ጎረቤቶችም እርግማን ነው ይላሉ። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ጌታን የጠየቁትን ጥያቄ ታስታውሳላችሁ፤ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ፣ የራሱ ወይስ የወላጆቹ እንደ ሆነ ነበር ማወቅ የፈለጉት። የጌታ መልስ የሁለቱም አይደለም የሚል ነበር። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ በየጓዳው አለ፤ የሚጠየቀውም ዘወትር ከእናትየው ነው።

ሐኪሞች የሚያስተምሩን ይህን ነው። በማኅፀን ውስጥ እጅ ሲጀመር ጭልፋ ይመስላል፤ ጣት የለውም። ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በጭልፋው ውስጥ የጣቶቹ መሥመር ይወጣል፤ በመካከላቸው ያለው ሥጋም በራሱ ሥርዐት እየሞተ ይጠፋና ጣቶቹ ይለያያሉ። በአንዳንዱ ሕፃን ይህ መለያየት ሳይፈጸም ይቀራል። በዚያ ሰዓት ብዙ እናቶች መፀነሳቸውን እንኳ በቅጡ አላወቁም። ስለዚህ በአምስተኛው ወር ያየችው፣ በሰባተኛው ወር ያማራት፣ በስምንተኛው ወር የተጣላችው ሁሉ በዚህ ነገር ውስጥ ቦታ የለውም፤ እጁ ከዚያ በፊት ተሠርቶ አልቋል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በዘር ይመጣል። ይህን የተረዳነው በአስቂኝ ሁኔታ ነው። በኋላ እንደምነግራችሁ አባትየው በሌላ ጊዜ አብሮ መጥቶ ነበር። ሐኪሙ ልጁን ከመረመሩ በኋላ ዘወር ብለው «ጋሼ፣ እስቲ ጫማዎን ያውልቁ» አሉት። ሰውዬው ግራ ገባው፤ የታመመው ልጁ ነው እንጂ እርሱ አይደለም። አፍሮ ኮንጎ ጫማውን አወለቀ። በሁለቱም እግሮቹ ላይ ከአውራ ጣቱ ቀጥለው ያሉት ሁለት ጣቶች እስከ ግማሻቸው ተያይዘዋል! ሚስትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። «አይቼውስ ነበር፤ እግር ነው ብዬ እንጂ ለልጄ እጅ ዘመዱ ነው ብዬ መች አሰብኩ!» አለች። በክፍሉ ያለን ሁሉ ሳቅን፤ አባትየውም ሳቀ። የእግር ጣት እንዲያ መሆኑ ለመራመድ ስለማያስቸግር በአብዛኛው ሕክምና አያሻውም። ሆኖም ያ ሰው በዚያ ቀን ከሐኪም ቤት ሲወጣ ለእናቱ የሚነግረው ነገር ይዞ ወጣ። እኔ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ሰዓት ሙሉ ባስተምር ኖሮ ያን ያህል ሥራ አልሠራም ነበር።

አሁን ወደ ቀዶ ሕክምናው ልመለስ። ይህን ጥቂት ዘርዘር አድርጌ የምነግራችሁ ለምን አንድ ጉዞ እንደማይበቃ እንድትረዱልኝ ነው።

አምስት ጣት እኩል አይደለም ይባላል። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ቁመታቸው በጣም ይለያያል፤ አውራ ጣትና አመልካች ጣትም እንዲሁ። እነዚህ የዳር ጣቶች ከተጣበቁ ረጅሙ ማደግ ሲፈልግ አጭሩ ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ረጅሙም ይጎብጣል። ስለዚህ ሐኪሞች የዳሮቹን ሕፃኑ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው መለየት ይወዳሉ። የመሃልና የቀለበት ጣቶች ግን ቁመታቸው ስለሚቀራረብ እስከ አንድ ዓመት ወይም አንድ ዓመት ተኩል ሊቆዩ ይችላሉ፤ ሰመመን መስጠትም ከሕፃንነቱ መጀመሪያ ይልቅ በዚያ ዕድሜ ይቀላል። ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ልጁ እርሳስ መያዝ ሳይጀምር ሥራው እንዲያልቅ ነው። የእኛ ልጅ በመጣ ጊዜ አራት ዓመቱ ነበርና ዘግይቷል፤ የቀለበት ጣቱም መጉበጥ ጀምሮ ነበር።

ሐኪሙ እናትየውን አስቀምጠው በወረቀት ላይ እየሣሉ አስረዷት፤ ይህን ሲያደርጉ በማየቴ አክብሬያቸዋለሁ። ቀጥ ያለ መሥመር አይቆርጡም። እንደ መጋዝ ጥርስ በዚግዛግ ይቆርጣሉ፤ ከእጅ ጀርባ የሚነሣው የቆዳ ጥርስ በመዳፍ በኩል ወዳለው ክፍተት ይገባል። እንዲህ የተሰፋ ጠባሳ እንደ ገመድ ተወጥሮ ጣቱን አይጎትትም። ከእጅ ጀርባ አንድ ቁራጭ ቆዳ ከሥሩ ሳይነቀል ወደ ታች ይታጠፍና በሁለቱ ጣቶች መነሻ መካከል ወለል ይሆናል። የጎደለውን፣ ያን የጎደለውን ክር አስታውሱ፣ ብዙ ጊዜ ከብሽሽት አካባቢ ቆዳ ወስደው ይጥፉታል። ከመሃሉ ይልቅ ወደ ውጭ ካለው ቦታ መውሰድ ይመርጣሉ፤ አለዚያ ልጁ ሲጎረምስ በጣቱ መካከል ጸጉር ይበቅልበታል። የተጣፈው ቆዳ ከመዳፉ ይልቅ ጠቆር ብሎ ይቀራል። ይህን እናትየዋ ቀድማ ባትሰማ ኖሮ ተበላሸ ብላ በደነገጠች ነበር።

ቀጥሎ ያለውን በደንብ ስሙኝ። እያንዳንዱ ጣት በግራና በቀኝ ጎኑ አንዳንድ ደም ቅዳ አለው። የአንዱን ጣት ሁለት ጎን በአንድ ቀን ከነኩ ሁለቱም ሊጎዱና ጣቱ ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። የእኛ ልጅ ሦስት ጣቶቹ ስለ ተያያዙ የቀለበት ጣቱ በሁለቱም ጎን እስረኛ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን የሚፈታው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ሌላው ወራት መቆየት አለበት። ሐኪሙ «ከስድስት ወር በኋላ ትመለሻለሽ» አሏት። እርሷም «እሺ ዶክተር፣ እግዜር ያክብርልኝ» አለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በሰላም ተፈጸመ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ ተመልሰናል፤ ልጁ በአውቶቡስ ውስጥ ጉንፋን ይዞት ስለ መጣ ሰመመን የሚሰጠው ባለሙያ «ሳሉ ይሻለውና» ብሎ ቀጠሮውን ለሦስት ሳምንት አራዘመው። ትክክል ነበር፤ የሚያስል ሕፃን በሰመመን ውስጥ ሊታፈን ይችላል። እነዚያን ሦስት ሳምንታት እናትና ልጅ በወንድሟ ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አሳለፉ። በቀዶ ሕክምናው ዕለት ልጁ ከሌሊቱ ጀምሮ እህል እንዳይቀምስ ታዝዞ ስለ ነበር በረሃብ ሲያለቅስ እናቱም አብራው ትጾም ነበር። ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በላይ ድረስ በጀሶ ታሸገ፤ ልጅ ፋሻውን መንቀል ስለሚወድ ነው። ስፌቱ በራሱ የሚሟሟ ክር በመሆኑ መንቀል አላስፈለገውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጀሶው ሲከፈት ትንሿ ጣቱ ብቻዋን ቆማ ታየች። ልጁ ደጋግሞ አነሣት፣ አጠፋት። እናትየዋ እልልታ ልታሰማ ብላ የሐኪም ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን ያዘች።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጥፋት የሚጀምረው። በዚያች ቀን ፎቶግራፍ አነሣሁ። «በፊት» የሚል አንድ፣ «በኋላ» የሚል አንድ። ብዙዎቻችሁ አይታችሁት ይሆናል፤ በዚህ መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበርና። ቢሮ ስመለስ በፋይሉ ላይ «ሕክምናው ተፈጽሟል» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁም። ሥራው ግን ገና እኩሌታው አልተሠራም ነበር። በጀቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ በጀቱ ውስጥ አንድ ቀዶ ሕክምናና አንድ ደርሶ መልስ ብቻ ነበር። ለሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ያቀድሁት ምንም አልነበረም። በጆሮዬ ሰምቼ በወረቀት ላይ አላሰፈርሁትም። ማንም አላሳሳተኝም።

በሚያዝያ ወር መመለስ ነበረባት። የመሣፈሪያ ገንዘብ አልነበራትም፤ እኔም አልደወልሁም። እርሷም አልደወለችም፤ «ዕርዳታ አንዴ ነው፣ ሁለተኛ መለመን ነውር ነው» ብላ እንደ ነበር በኋላ ነገረችኝ። ቀጥሎ ክረምት ገባ፤ የእርሻ ጊዜ ሆነ። በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል ግጭቱ ተነሣና መንገዱ አንዳንዴ የሚከፈት፣ አንዳንዴ የሚዘጋ ሆነ። ኔትወርክም ጠፋ። ከደብረ ብርሃን እስከዚህ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመንዝ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን መድረሱ ግን በደኅናው ጊዜም ቀላል አልነበረም። የመጡት በሰኔ 2016 ነው። ባሏም አብሮ የመጣው ያኔ ነው፤ መንገዱ አስፈርቷቸው ነበር።

እጁን ሳየው ደነገጥሁ። ከፋሻው በኋላ ጠባሳው እንዲለሰልስ በየቀኑ በቫዝሊን መታሸት፣ ሌሊትም ጣቱ እንዳይታጠፍ በመደገፊያ መታሰር ነበረበት። መደገፊያው ከጥቂት ወራት በኋላ ጠቦት ስለ ነበር ተጣለ፤ ልጅ ያድጋልና። የሚያይለት ባለሙያም በአጠገቡ አልነበረም። በቀለበት ጣቱና በትንሿ ጣቱ መካከል የነበረው ክፍተት ከሥሩ ጀምሮ ወደ ላይ እየተደፈነ መጥቷል፤ ትንሿ ጣቱም ወደ ውስጥ ጎብጣለች። ሐኪሙ አልተቆጡም። ቆዳው ከልጁ ዕድገት ጋር ወደ ላይ የመውጣት ጠባይ ስላለው በጊዜው ክትትል ቢደረግም እንኳ አንዳንዱ ልጅ እንደገና መቀደድ ሊያስፈልገው እንደሚችል ነገሩን። ይህን ያሉት እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል። በዚያ ጊዜ የመሃሉንና የቀለበት ጣቱን ለዩለት። የጎበጠችውን ማቃናት ግን በዚያው ቀን አልተቻለም፤ የቀለበት ጣት ሁለት ጎን ነገር እንደገና መጣ። ስለዚህ ሦስተኛ ቀዶ ሕክምና ቀረው።

ይህ የመመለስ ጉዳይ አዲስ ነገር አይደለም። ሕንድ አገር ከሚሲዮናውያን ወላጆች የተወለዱት እንግሊዛዊው ሐኪም ፖል ብራንድ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በቬሎር የሥጋ ደዌ ያጠፈውን እጅ ጅማት እያዛወሩ ማቃናት በጀመሩ ጊዜ ከቢላዋው በኋላ ያሉት የልምምድ ወራት ከቀዶ ሕክምናው እኩል እንደሚያስፈልጉ አይተዋል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ከሐኪሙ ጎን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን፣ ጫማ ሠሪውን፣ አሠልጣኙን አብሮ ያቆመው ለዚሁ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ የሕፃናትን እጅ የሚያዩ ሐኪሞች አሉ፤ ጥቁር አንበሳ አለ፤ በቃጠሎና በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና የሚታወቀው የካቲት 12 አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልም አለ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ግን አሉ። አሥር ዓመት ቆጥበን የራሳችንን ሐኪም ቤት እንሥራ የሚሉ ወንድሞች አጋጥመውኛል። አሳባቸው መልካም ሆኖ ሳለ፣ ከእኛ ዘንድ የጎደለው እርሱ አይመስለኝም።

ለጋሾች ስለ ቀዶ ሕክምና መስጠት ደስ ይላቸዋል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ለአውቶቡስ ቲኬት፣ ለሦስት ሳምንት ማደሪያ፣ ለስልክ ካርድ፣ ለአንድ ጠርሙስ ቫዝሊን ስጡ ሲባል ግን እጅ ያጥራል፤ ፎቶግራፍ የለውማ። ዛሬ ፎቶግራፍ ያላመጣሁት ስለዚህ ነው። ከእንግዲህ በቢሯችን ለአንድ ልጅ የሚያዘው በጀት ሦስት ደርሶ መልስ ይሁን ብለን ወስነናል፤ ልጁ ባይፈልገው ለሌላው ይተላለፋል። በዚህ ዓመት የምንቀበላቸው ልጆች ቁጥር በዚህ ምክንያት ይቀንሳል። ቁጥሩ ለምን ቀነሰ ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ፤ መልሴን ዛሬውኑ ሰጥቻችኋለሁ።

ሌላም የምለምናችሁ ነገር አለ። በዚህ በሳሊተ ምሕረት፣ በሲኤምሲ፣ በአያት ከምትኖሩት መካከል በግቢያችሁ ሰርቪስ ቤት ያላችሁ ትኖራላችሁ። የላምበረት መናኸሪያ ለእናንተ ቅርብ ነው፤ ከሰሜን የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው የእናንተን ሰፈር ነው። ከቀዶ ሕክምናው እስከ ፋሻው መከፈት ሦስት ሳምንት ነው። አንዲት እናት ሦስት ሳምንት የምታድርበት ንጹሕ ክፍል፣ ውኃና ማብሰያ ካገኘች ፋሻው ሳይረጥብ ይቆያል፤ የጣቱ ጫፍ ቢጠቁር ወይም ቢቀዘቅዝ፣ ቢሸት ወይም ትኩሳት ቢነሣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ትደርሳለች። መንዝ ላይ ሆና ግን በየት በኩል? በገጠር ያሉ የአብያተ ክርስቲያናት ሽማግሌዎችም የቀጠሮውን ቀን በመዝገባቸው ጽፈው እንዲያስታውሷት ተነጋግረናል፤ ስልኳ ባይሠራ የሚደርስላት ሰው አለ ማለት ነው። ልጁ የማን ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው ብለን አንጠይቅም፤ እነርሱም እንዳይጠይቁ ተስማምተናል።

ከሰኔው ቀዶ ሕክምና ሦስት ወር በኋላ፣ ለክትትል መጥተው ሳለ፣ በአጎቱ ክፍል ምሳ ተጋበዝሁ። ሰውዬው ሕንፃው አልቆ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሮ ነበር፤ ክፍሉ ግን ያው ቆርቆሮ ነው። እንጀራው ቀረበ፣ ሽሮ ወጡ ፈሰሰበት፣ ሁላችንም ዙሪያውን ተቀመጥን። ልጁ ከእናቱ አጠገብ ነበር። ቀኝ እጁን ዘረጋ። ትንሿ ጣቱ ጎብጣ ወደ ጎን ቀረች፤ በቀሩት ግን ቆረሰ። ወጡ ወደ ክንዱ ፈሰሰ። አጎቱ አንድ ነገር ሊናገር ሲል አባትየው በዓይኑ ያዘው። ልጁ የቆረሰውን ጠቀለለና ወደ እኔ አዞረው፤ ሊያጎርሰኝ ነው። ጉርሻው ትንሽ ነበር፣ ተበታትኖም ነበር፤ ጎረስሁ። እናትየዋ ጀበናውን ለማየት ዘወር አለች። ጀበናው ገና አልተጣደም ነበር።

ልጁ አሁን ሰባት ዓመቱ ነው፤ አንደኛ ክፍል ገብቷል። ሦስተኛው ቀዶ ሕክምናው በሚመጣው ጥር ነው፤ ቀጠሮው ተይዟል፤ መሣፈሪያውም ተቀምጧል። አጎቱ ግን ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ስለ ሄደ በዚህ ሰፈር የሚያርፉበት የላቸውም። አውቶቡሱ ላምበረት የሚገባው ብዙ ጊዜ ከመሸ በኋላ ነው። ስብሰባው ሲያልቅ መዝገብ ይዤ በሩ አጠገብ እቆማለሁ።